ድምፅ የሚውጥ ክፍል

እናቷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ የሻዩን ብርጭቆ ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር፤ መሐል ላይ አቆመችውና ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ጣለች። ትናንት አመሻሽ ላይ ልብሷን በፌስታል አስይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አትቀየሚኝ ልጄ፣ ልመለስ» ብላ ከዚህ ቤት የወጣችው ሴትዮ፣ ዛሬ ገና ጠዋቱ ሳይገፋ ከአንድ ብሎኬት ወዲያ ማዶ ሆና እየሳቀች ነው። የይሉኝታ ሳቅ ቢሆን ባልከፋ። ይሄኛው ከሆድ የሚነሳ፣ መሐሉ ላይ ሳል የሚያቋርጠው፣ ከሳሉ በኋላም ካቆመበት የሚቀጥል ሳቅ ነው። እዚህ በሰነበተችባቸው ቀናት ጥርሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም። ሻይ ልጨምርልሽ ሲሏት ይበቃኛል፣ ይበርድሻል ወይ ሲሏት ደህና ነኝ፣ ሬዲዮ ልክፈትልሽ ሲሏት ኧረ ተዪው። የገዛ ልጇ ቤት ቁጭ ብላ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቷን ይዛ ነው የከረመችው። ልብስ ሰፊዋ ሻዩን ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ሳቁ ሲያባራ ኮቴ ተተካ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የወንድሟ ሚስት ናት። ሰው ቤቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ ያደርጋል፤ ይህች ሴት ግን ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣ ምንጣፍ ያልነካው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ስትወቅጥ ትውላለች። ለማን እንደምትዘንጥ እሷና ሲሚንቶው ይወቁ፤ ባሏ እንደሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከቤቱ ይልቅ መንገዱን ነው የሚያውቀው። ቤተሰቡ «ሙሽራ» ይላታል። ካገባች ስንት ዘመኗ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብ ጀምራለች፣ እሷ ግን ዛሬም ሙሽራ ናት፤ እናትየው ደግሞ «ሙሽራዬ» ብላ የኔነቱን ጨምራበታለች። ይሄ ሳያንስ ሙሽራም እናትየውን «እማዬ» ትላታለች፣ ያውም አንቺ እያለች። «እርስዎ»ን የጣለችበትን ቀን ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፤ ከገዛ መሳቢያዋ ዕቃ እንደተወሰደባት ነበር የተሰማት።

ሁለቱ ቤቶች አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ፣ የሚለያቸው ግድግዳ አንድ። የእናቷ ዓይን ቀስ በቀስ ሲፈዝ ቆይቶ ጭራሹን ከጠፋ ወዲህ፣ ልብስ ሰፊዋ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት፦ እናቴን ወደ ቤቴ አመጣለሁ። ሴት ልጅ እያለች እናት በምራት እጅ አትወድቅም። ደንበኞቿን የምትለካበትን ክፍል አስለቅቃ አልጋ አስገባች፤ ራስጌውንም እዚያኛው ቤት እንዳለው አልጋ ወደሚጋሩት ግድግዳ አዞረችው፣ ግራ እንዳይገባት ብላ። የመንገዱ ጩኸት እንዳይረብሻት መስኮቱን የሚሸፍን፣ ወለል የሚነካ የከፋይ ጨርቅ መጋረጃ ሰፋች፤ ገበሩን ደረበችበት። እግሯ እንዳይቀዘቅዝ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈች። ጭንቅላቷን እንዳትመታ ብላ ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ራስጌው ላይ አሰረች። በሩ ሲዘጋ እንዳያስደነግጣት ጠርዙን በጨርቅ ለበጠችው። ከፋይ ጣት ይበላል፤ መርፌው ስንት ጊዜ እንደወጋት እሷ ታውቃለች። ሁሉም ነገር ሲያልቅ ክፍሉ መሐል ቆማ «እማዬ» ብላ ሞከረችው፤ ድምፅዋ ከአፏ ወጥቶ እዚያው ጠፋ። እንዴት ያለ ሰላም ነው ብላ ደስ አላት።

ረፋዱ ላይ የባንክ ጸሐፊዋ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ይህች ሴት ወሬ ከሌላት ልብሱም አይሆንላትም። ስለ ገበር ጨርቅ ዋጋ ማሻቀብ፣ ስለ ዚፕ ጥራት መውረድ፣ የቤት ኪራይ ስለጨመረባት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ አወራች፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ወገቧን እያጠበበች «እህ» እያለች ሰማቻት። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችና፣ «እናትሽ ሄዱ እንዴ? ምነው በዚህ ፍጥነት?» አለች። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከአፏ አውጥታ «የልጅ ልጇ ናፍቃት ነው» አለች። ጸሐፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። «አይ፣ ምራትየዋ ሳትመቻቸው አትቀርም። አንዳንዷ ሰው አያያዝ ትችልበታለች» አለች፣ ክፋት አስባ አይደለም፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው አስቦ አይናገርም። ልብስ ሰፊዋ ግን የቀሚሱን ጎን ከሚገባው በላይ አጥብባ ወጋችው፤ ጸሐፊዋ ትንፋሿን ሰብስባ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልገፋ አላት። እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ገልብጣ ሰፋችው። ወዲያ ማዶ ወሬው ደርቷል፤ ቃሉ አይሰማም፣ ዜማው ግን ይሰማል። እናቷ ነገር ትጀምራለች፣ ሙሽራ ትጨርሳለች፣ ወይም ሙሽራ ትጀምርና እናቷ ትስቅበታለች። የስፌት መኪናዋን አቁማ ስትሰማ ቆየችና፣ የተረፈ ሾርባ በሳህን ገልብጣ በሩን አንኳኳች። ባዶ እጇን ብትሄድ ለስለላ የመጣች ይመስልባታል፤ በሾርባ ብትሄድም ለስለላ ነው የሄደችው።

የወንድሟ ቤት ሁልጊዜም ዕቃውን ሸጦ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ቤት ይመስላል። ምንጣፍ የለም፣ መጋረጃ የለም፤ የመጋረጃው ብረት ብቻ በየመስኮቱ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሶፋው ወጥቶ የእንጨት ወንበሮች ገብተዋል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ጠብታው ቆርቆሮ ውስጥ እየወደቀ ጢን ይላል። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ካልሲዎች በዳሰሳ እያጣመረች ነበር። «ሚጣ ነሽ?» አለች፣ ገና ከበሩ ሳትገባ። ጸጉሯ የሸበተውን ልጇን እስከ ዛሬ ሚጣ የምትላት እሷ ብቻ ናት። «ሾርባ ይዘሽ መጣሽ፤ ሞቆ ነው የወጣው፣ ሽታው ደረሰኝ» ብላ ብድግ አለች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ያየችውን ማመን አቃታት። እናቷ ዱላ ሳትይዝ፣ ግድግዳ ሳትዳብስ፣ እጇን እንደ ድሮዋ እያወዛወዘች ክፍሉን አቋርጣ መጣች፤ ወንበሩን ዞረችው፣ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ሳህኑን ተቀብላ ወደ ወጥ ቤት ታጠፈች። እሷ ቤት ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ስትሄድ የነበረች፣ ብርጭቆ የሰበረች፣ የሰበረችውንም ይቅርታ የጠየቀች ሴትዮ ናት።

ሙሽራ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ቆማ፣ ለነገር መጀመሪያ ያህል፣ «ቧንቧ ሠሪ ጠፋ እንዴ? ይሄ ነገር ስንት ወሩ ነው ሲያንጠባጥብ?» አለቻት።

«ኧረ አውቄ ነው እትዬ» አለች ሙሽራ እጇን እያራገፈች። «ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ እንድታውቀው ነው። ሰዓቱም ለመታጠቢያ ቤቱ ነው። ይሄንን ጫማም ቢሆን እግሬን ስለሚያሳምመኝ አልወደውም፤ ግን ነጠላ ጫማ ሳደርግ አጠገቧ ስደርስ እየደነገጠች አስቸገረችኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀሪውን ነገረቻት። አንድ ቀን ምንጣፉን ለማጠብ ሲያወጡት እናትየዋ በባዶው ቤት እንደ ልጃገረድ ስትንጎራደድ አየቻት። ሲደርቅ መልሳ ስታነጥፈው እናትየዋ ግድግዳ መዳበስ ጀመረች። ያኔ ለሙሽራ ገባት። ምንጣፉን ጠቅልላ ለሰው ሰጠች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ሶፋውን አስወጣች። «ድምፅዋ ሄዶ ሲመለስላት ነው ግድግዳው የት እንዳለ የምታውቀው። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰምተዋታል አይደል? ሳል አይደለም እኮ፤ ክፍሉን እየጠየቀችው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ብዙ ነገር በአንዴ ልትናገር ፈለገችና አንዱን ብቻ አወጣች። «እኔ ያን ሁሉ ከፋይ ስሰፋ ታውቂ ነበር?»

ሙሽራ ሳህኑን ደጋግማ ጠረገችው። «አውቅ ነበር። ልነግርዎት ስንቴ አስቤ... ደስ ብሎዎት ነበር እኮ እትዬ። አፌ አልደፍር አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተላልፋ ሰላምታዋን ረሳች። ቅናት እስከዚህ ሰዓት ድረስ ምክንያት ይጎድለው ነበር፤ ክፉ ያልሠራች ሴት ላይ መቅናት የሰው ዓይን ያሳፍራል፣ የራስንም ኅሊና ያሳፍራል። አሁን ግን ምክንያቱ በሳህን ቀረበለት። እየወደቅኩ እያየችኝ ዝም አለች። ገደሉን እያወቀችው፣ ሂጂ ሂጂ ብላ ከኋላ ሸኘችኝ። ነገሩን ባሰበችው ቁጥር ግን ከዚህ ሁሉ በታች ሌላ ነገር ነበር የሚያንገበግባት፣ እሱን ደግሞ ለራሷም ጮክ ብላ ልትነግረው አልፈለገችም፦ የእናቴን ጉሮሮ መጥረግ ሳል ነው ብዬ ሽሮፕ ገዛሁላት፤ ይህች የሰው ልጅ ግን ምን እንደሆነ አወቀች። ያወቀችው እኔ መሆን ነበረብኝ። የወለደችው እኮ እኔን ነው።

ምሳ አልበላችም። መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ ነገሩን እየገለበጠች እየቀደደች መልሳ ሰፋችው። ሙሽራ ምክንያቱ ቤቱ ነው ብላለች። እንግዲያው ይታያል። እዚያም ምንጣፍ ቢነጠፍ፣ እዚያም መጋረጃ ቢሰቀል፣ እናቴ እንደዚያው እየሳቀች ከዋለች የምትወደው ሙሽራን ነው፤ ይቁረጥልኝ። ዝም ካለች ግን የምትወደው ሲሚንቶውን ነው፣ ሙሽራም እንደኔው ማንም አይደለችም። ቅናት እንዲህ ያለውን ሒሳብ ይወዳል፤ የትኛውም መልስ ቢወጣ እሱ አይከስርም። ደግሞስ ሰው ለወንድሙ ቤት መጋረጃ ቢሰቅል ምን ይባላል? ስጦታ ነው። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ስፌቱ ጥሩ ነው፣ የሰቀለችውም እህት ናት።

የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ሲቃረብ የሙሽራ ኮቴ በሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ታች ጠፋ። ልጇን ልታመጣ ነው። በዚህ ሰዓት እናቷ ተኝታ እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፤ የቀን እንቅልፏ ከባድ ነው። ወንድሟ ለክፉ ቀን ብሎ የሰጣት ቁልፍ ነበራት። ጫማዋን አወለቀች። መጋረጃዎቹን ከነቀለበቶቻቸው በትከሻዋ አነባብራ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ ጥጥ የተሞላውን ጨርቅ አንገቷ ላይ ጥላ፣ በባዶ እግሯ እናቷ የምትተኛበት ክፍል ገባች። እናቷ በጎኗ ተኝታ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ትተነፍሳለች። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን ባዶው ብረት ላይ ሰቀለችው፤ ዕድሜ ልክ የሠራችው ሥራ ነው፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ስታስገባ ኮሽ አላለችም። ምንጣፉን ከአልጋው ሥር ጀምራ ዘረጋችው። ጥጡን ጨርቅ ራስጌው ላይ አስጠግታ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጋ ቋጠረችው። ክፍሉ እያየችው ጠበበ፣ ለዘበ፣ የመንገዱ ጩኸት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

እስከዚህ ድረስ ስጦታ ነው ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው። ቆርቆሮው ዝም አለ። ተመልሳ የመኝታ ክፍሉን በር ከኋላዋ ዘጋችና ጥግ ላይ ቆመች። ከበሩ ወዲያ ሰዓቱ አለ፣ እዚህ ግን አይሰማም።

እናቷ ነቃች። እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አጭር፣ ቀለል ያለች «እህም»። ክፍሉ አልመለሰላትም። ቀና አለችና ደገመችው፤ አሁንም ምንም። እግሯን ከአልጋው አወረደችው፤ ምንጣፉ ሲቀበላት ቶሎ መልሳ ሰበሰበችው። እጇ ወደ ራስጌው ሄደ፣ ጥጡን ጨርቅ አገኘ። ጣቶቿ ስፌቱን ተከትለው ትንሽ ተጓዙና ቆሙ። ፊቷ ላይ ቀን የነበረው ነገር ሁሉ ሲጠፋ ልብስ ሰፊዋ አየች።

«ሚጣ» አለች እናቷ።

ሙሽራ አላለችም። ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ፈርታ፣ የጠራችው ሚጣን ነው። ልብስ ሰፊዋ በግድግዳ ማዶ ሆና ስንት ወር ያልሰማችው ጥሪ ይሄ ነበር፤ ውስጧ ሞቀ። መልስ መስጠት ነበረባት፤ ግን እንድትደግመው ፈለገች። ዝም አለች።

«ሚጣ፣ አለሽ?»

ደገመችው። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ትንፋሿን ያዘች። እናቷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየች፤ ማንም እንደሌለ እርግጠኛ ስትሆን አልጋው ላይ በጉልበቷ ዞረች። የጥጡን ጨርቅ ጠርዝ ገለጥ አድርጋ፣ አፏን ግድግዳው ላይ አስጠግታ፣ በጣቷ መገጣጠሚያ ቀስ ብላ አንኳኳች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ ሰው የለበትም።

«ሙሽራዬ» አለች በሹክሹክታ። «ትሰሚኛለሽ? ተኝቼ እያለሁ መልሰው አመጡኝ መሰለኝ። ሚጣ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው ጮክ የማልለው። ልጄ ለፍታበታለች፣ ጣቷ እስኪደማ ነው የሰፋችልኝ፤ በምን አፌ ልንገራት? እዚህ ቤት እኮ እሷንም አላገኛትም ሙሽራዬ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ታወራኛለች፣ ድምፅዋ ግን ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። እጇን ልይዛት እፈልግና የት እንዳለች ይጠፋኛል። እባክሽ ነይ ውሰጂኝ። እንዳይከፋት አድርገሽ ግን፤ ልጅቷ ናፈቀቻት በያት።» ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። መልሳ አንኳኳች፣ አሁን ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንደተንቀሳቀሰች አላወቀችም፤ አልጋው አጠገብ ደርሳ «እማዬ» አለች።

እናቷ ጨርቁን ለቀቀችው፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። «ሚጣ? መቼ ገባሽ? ሰማሽኝ እንዴ?»

«አልሰማሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አሁን መግባቴ ነው።»

«እንዲያው ለብቻዬ ሳወራ ነው። እርጅና ነው።» እናቷ በእጇ አየሩን ፈለገች፤ ሚጣ የት እንዳለች አታውቅም፣ ፊቷን ያዞረችው ወደ መጋረጃው ነበር። «ሙሽራ ቤት የለችም መሰለኝ፤ ጭርር ብሏል። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ብቅ ብል ብዬ ነበር። ልጅቷ ናፈቀችኝ። ደስ ካለሽ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ያንን እጅ ከአየር ላይ ያዘችው። ቀዝቅዟል፣ አጥብቆም ያዛት።

«እሺ እማዬ። ስትመጣ እኔው አደርስሻለሁ። እግርሽን አልጋው ላይ አንሺልኝና ትንሽ ብቻ ቁጭ በይ።»

እናቷ እግሯን አነሳች። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ምንጣፉን ከጫፉ መጠቅለል ጀመረች።